እርማት

አራሚ ነበርኩ፤ አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት፣
ቀን ከሌሊት የማይለይበት፣
የእርሳስ ፊደል የሚለቀምበት።
እሷ ሁለት ፎቅ ከእኔ በላይ፤ አስካለ ወልደየስ፤
ታይፑን ትመታዋለች፣ ጣራ ላይ በረዶ የወረደ እስኪመስል ድረስ።
ወረቀቷ ይወርድልኛል፣ ጠርዙ በሻይ ብርጭቆ ታትሞ፣
ሦስቴ ተሰርዞ፣ ሦስቴ ታርሞ።

ያን ማክሰኞ አራት መስመር ላከች።
ሠላሳ ጽፋ ነበር፤ አለቃ ቆረጠው፤ ዝም አለች።

«ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ከፖስታ ቤት በላይ በሚሠራው ሕንፃ፣
ከስድስተኛው ፎቅ፣ ርብራቡ ተፈንግሎ፣
ዘውዱ የተባለ የቀን ሠራተኛ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል።
የሕንፃው ሥራ በታቀደለት ጊዜ ይጠናቀቃል።»

የአባቱ ስም የለም፤ ቦታ ጠበበ ተባለ፤
የሳሙናው ማስታወቂያ ግን ከጎኑ ተንጣሎ ዋለ።

እኔ ያን ሌሊት፣
ሚስቴን ከቀበና ማዶ ሆስፒታል ምጥ ይዟት፣
ዓይኔ ፊደል ላይ፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ፣
የ«ዱ»ን ጭረት ቀለበት አድርጌ አሳለፍኳት፤
«ዘውዱ»ን «ዘውዴ» ብሎ ጋዜጣው ነጋበት።

ዘውዴ የሚባልም ነበር፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣
የሟቹ አብሮ አደግ፣ የሟቹ መንደር ልጅ ለካ።
ጋዜጣው ሳሙና ተጠቅልሎበት አገር ቤት ገባ፤
አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበው፤ መንደሩ ወጣ፣ አነባ።
የዘውዴ እናት ፀጉሯን ተላጨች፤ ለተዝካሩ ላሟን ሸጠች፤
የዘውዱ እናት ደረቷን እየመታች አብራት አለቀሰች፤
ማታ ከቤቷ ገብታ፣ ቀስ ብላ፣
«የእኔን ስለተውክልኝ ተመስገን» አለች።

አስካለ ይህን ስትሰማ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤
አልተቆጣችም። እጄን አየች። ቀለም የነካ እጄን። ወጣች።
አለቃን «እርማት እናውጣ» ብትለው ሳቀ፦
«ለአንዲት ቀለበት? ዘውድ ሲወርድ እንኳ እርማት አላወጣን!»
እናም፣ እርሟን አወጣች እናት፣ ልጇ ቆሞ ሳለ፤
እርማት ሳይወጣለት፣ የወደቀው ስም እንደወደቀ አለ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ዜና ሠራች፤
ጉባኤ ተከፈተ፣ ጉባኤ ተዘጋ፤ እንግዳ ገባ፣ እንግዳ ተሸኘ፤
መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፤
የወንበሯ ጨርቅ አለቀ፤ ውስጡ ገለባ ተገኘ።
አንድ ዓርብ ታይፑን ሸፍና ወጣች፤ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው፤
ልብ ወለድ ልትጽፍ ነው አሉ። አብዳለች አልን፤ ማን ሊያነበው?

ዶሮ ማነቂያ፣ የጣውላ ደረጃ ያለው አንድ ክፍል ቤት፤
ቀን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ የሰው ማመልከቻ በሳንቲም መክተብ፤
ሌሊት የራሷን። ለየትኛው ችሎት?
ዘጠኝ ክረምት።

የዛሬ ወር፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ዝናብ ይዞኝ ተጠልዬ፣
ከአዟሪው ላስቲክ ሥር ስሟን አየሁት፤ ደነገጥኩ፣ ዓይኔ ነው ብዬ።
«ይወስዱታል አባባ? ልብ ወለድ ነው፤ ውሸት ነው ግን ያስለቅሳል» አለኝ።
ቆሜ ገለጥኩት።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ ብቻውን፦
ዘውዱ ቢተው ገላዬ።

መቶ ሰባ ሦስት ላይ አንድ አራሚ አለ፤ ምድር ቤት፣
ጆሮው ስልክ ላይ፣ በልቡ የቀበናን ድልድይ የሚሻገር።
ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሷም።
የተወለደችለት ሴት ናት፤ እንደ እኔዋ።
ስምም ሰጥታዋለች። እኔ ካሱ ነኝ፤
እሷ «ካሳ» ብላዋለች።

ፊደል ተሳሳተች? አስካለ?
እርሳሴን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ፤ ጫፉን ምላሴ ላይ አራስኩት፤
ከ«ሳ» ረጅም እግር አጠገብ አደረስኩት።
ዝናቡ አባርቷል፤ አዟሪው ላስቲኩን እያራገፈ ነው፤
«አባባ፣ ካልገዙት አይጻፉበት!»

ከፈልኩት።